በሦስተኛው ዙር የወደቀው ወርዋሪ

ኮርኒ ሬዲ ኳሷን እንደጨበጠ ወደቀ።

የቤዝቦሉን ጨዋታ ሊያይ የመጣው ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ኮርኒ ቀልደኛ ነበርና መቺውን ሊያታልል የፈጠራት ዘዴ መሰለቻቸው። እንደ ልማዱ ኳሷን ወደ አፉ አስጠግቶ በምራቁ አርሷታል፤ እጁን ወደ ኋላ መልሷል፤ ሊወረውር ሲል ግን ጉልበቱ ከዳውና በግንባሩ ተደፋ። አልተነሣም። ሳቁ ከላይኛው መቀመጫ እስከ ታችኛው እየከሰመ ወረደ።

ቀድሞ የደረሰው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ኦቪድ ላፍሌር ነው። የፊት መከላከያውን አሽቀንጥሮ ጣለና የጓደኛውን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ኮርኒ! አየኸኝ? ዘወር በሉ፣ አየር ስጡት!»

«ኦቪድ» አለ ኮርኒ። ከንፈሩ እንደ አመድ ነጥቷል። «አፌ የለም። አፌ የት ሄደ?»

ኢንስፔክተር ማላኪ ኮንሮይ ይህን በጆሮው ሰማ። ቅዳሜ ዕረፍቱ ስለነበር እንደ ሰው ሁሉ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ሲያይ ቆይቶ አጥሩን ዘልሎ መግባቱ ነው። ከመሬት የወደቀችውን ኳስ አነሣና በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት፤ ለምን እንዳደረገው ያኔ ቢጠይቁት አያውቅም፤ የእጁ ልማድ ነው።

ኮርኒን በበር ሳንቃ ተሸክመው ዶክተር ፕራት ቤት አደረሱት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። እናቱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው የምትኖረው። ማን ሄዶ ይንገራት እየተባባሉ ሲከራከሩ እሷው ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች መጣች።

* * *

«ምግብ አይደለም» አለ ዶክተር ፕራት እጁን እየታጠበ። «ምግብ ቢሆን ከሆድ ይጀምር ነበር። ይኼ ከምላስ ነው የጀመረው። ምላሱ ደነዘዘ፣ ከንፈሩ ደነዘዘ፣ ከዚያ ልቡ መንገዱን ሳተ። አኮናይት ነው፤ ከአንድ አበባ ሥር የሚወጣ መርዝ።»

«ከየት ይገኛል?»

«ከየትም። ለወገብ ሕመም ብለህ መድኃኒት ቤት ብትጠይቅ እንኳ በሚታሽ ቅባት ቀላቅለው ይሰጡሃል። ደግሞ የልጁ ዕድል መጥፎ ነው። ረቡዕ ዕለት የመንጋጋ ጥርሱን ተነቅሎ ነበር፤ ቁስሉ አልገጠመም። ሌላውን አሳምሞ የሚተወው መጠን እሱን በቁስሉ ገብቶ ገደለው።»

በኮርኒ ጉንጭ ውስጥ የታኘከ የዛፍ ልጣጭ ተገኝቷል። ምራቅ ቀብቶ የሚወረውር ሁሉ ያኝከዋል፤ ምራቅን እንደ ተልባ የሚያንሸራትት ያደርገዋል። እንዲያ የራሰች ኳስ ቀጥ ብላ መጥታ መቺው ፊት ስትደርስ እንደ ድንጋይ ዝቅ ትላለች። ሕጉ አይከለክልም ነበር።

ልጣጩን የሰጠው ደግሞ አይራ ዊቸር ነው።

አይራ የዌርዴል ሸማኔዎች የተባለው የከተማው ቡድን ሁለተኛ ወርዋሪ ነው፤ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። በሚያዝያ ከቬርሞንት እርሻ መጥቶ ወራቱን ሁሉ አግዳሚ ሲያሞቅ ከረመ። ሸማኔዎቹና ተጋጣሚዎቻቸው አንጥረኞቹ በነጥብ እኩል ሆነው የዓመቱ ዋንጫ በነዚህ በሁለቱ የመጨረሻ ጨዋታዎች፣ በቅዳሜውና በሰኞው፣ ሊለይ ነበር። ኮርኒ ከሌለ የሰኞው ጨዋታ የአይራ ነው። ይህን ለማሰብ ፖሊስ መሆን አያሻም፤ መቀመጫው ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ አስቦታል። የፋብሪካ ሴቶች ሳይቀሩ «ስቀሉት!» ሲሉ ተሰሙ። የፖሊስ አዛዡ ልጁን አሰረው።

«ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ» አለ አዛዡ ለኮንሮይ። «እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣህልኝ አምጣ። በዚህ አገር መርዝ አብልቶ ለገደለ የሚጠብቀው ያ የኤሌክትሪክ ወንበር ነው፤ ልጅ ነው ተብሎ አይቀርለትም።»

* * *

አይራ እስር ቤቱ ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተኮራምቷል። የጨዋታ ልብሱን አላወለቀም። ብርድ ልብስ የሰጠው የለም፤ የወንዙ ብርድ ደግሞ በመስከረም በግንብ ውስጥ አልፎ አጥንት ይበላል። ኮንሮይ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለለት።

«በልተሃል?»

«አልራበኝም ጌታዬ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«አልበላሁም።»

ኮንሮይ ዘበኛውን ዳቦና ሾርባ እንዲያመጣ ላከው። ከዚያ የልጣጩን ከረጢት መሐላቸው አኖረ።

«ይኼ ያንተ ነው?»

«አያቴ ናት ከጫካችን እየላጠች የምትልክልኝ። ኮርኒ የመድኃኒት ቤቱን አይወድም፤ አቧራ አቧራ ይላል ነው የሚለው። ሁልጊዜ ከኔ ነው የሚወስድ። ዛሬም ለሱም ለኔም ከዚህችው—»

ንግግሩን ሳይጨርስ ከከረጢቱ አንድ ቁራጭ ላፍ አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተ።

«ትፋው!» ኮንሮይ ዘሎ መንጋጋውን ያዘው። «ትፋው አልኩህ፣ አንተ ቂል!»

ልጁ አኝኮ ዋጠው። እንባው እየወረደ «ይኸው። ከሞትኩ እኔ ነኝ። ካልሞትኩ አይደለሁም» አለ።

ኮንሮይ መንጋጋውን ለቀቀው። ወንድ ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ በዚህ ዕድሜ እውነታቸውን ለማሳየት ገደል ይገባሉ። ዳቦው እስኪመጣ፣ ከመጣም በኋላ ተበልቶ እስኪያልቅ፣ ዓይኑን ከልጁ ከንፈር ላይ ሳይነቅል ተቀመጠ። ልጁ ምንም አልሆነም። አስነጠሰው እንጂ።

«አሁን ስማኝ» አለ ኮንሮይ ልቡ ሲመለስ። «ኮርኒ ከመውደቁ በፊት ያመው ነገር ነበር?»

«ከመጀመሪያው ዙር ሲመለስ 'ምላሴ ተኛ' አለ። 'ያ ጥርስ ነቃይ የቀባኝ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም' ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ውኃ ሰጠሁት።»

«ከመጀመሪያው ዙር? ከሁለተኛው አይደለም?»

«ከመጀመሪያው። እግዜር ያውቃል።»

አዛዡ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ። «አንዷን ቁራጭ ብቻ መርዞ ሰጥቶት ቢሆንስ? ከረጢቱን በሞላ ይመርዛል እንዴ፣ ራሱ እየበላው?»

ኮንሮይ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

* * *

የአንጥረኞቹ አንደኛ መቺ ጃክ ቢሎስ በሰኔ ወር የኮርኒ ኳስ ጉንጩን ሰብሮታል። ያን ቀን በሕዝብ ፊት «እቀብርሃለሁ!» ብሎ ፎክሯል። ኮንሮይ ቢሎስ ወዳረፈበት ሆቴል ሲደርስ ሥጋ እየበላ አገኘው።

«ተቀመጥ ኢንስፔክተር። ስጠብቅህ ነበር፤ ሥጋዬ ሊቀዘቅዝ ሲል ጀመርኩ።»

«እቀብርሃለሁ ብለኸዋል።»

«ብዬዋለሁ። ለወርዋሪ ሁሉ እላለሁ። ለአማቴም ብያለሁ፤ ይኸው እስካሁን አለች።» ቢሎስ ሹካውን አስቀመጠ። «ስማ፣ የሞተ ሰው ላይ አልቀልድም። ኮርኒ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል። ብርቱካን አመጣልኝ፤ መንጋጋዬ ታስሮ እንዴት እንደምበላው ሳያስብ።»

«ዛሬ ኳሷን ነክተሃታል?»

«በምን ዕድሌ! በዱላዬም አልነካኋት።» ከዚያ ትንሽ አሰበና ሳቅ አለ። «ሰኔ ላይ ግን በርበሬ ቀብተንባት ነበር። ምራቅ የሚቀባ ወርዋሪ የሚፈራው ይህንን ነው። ምላሱ ሲለበልበው በደረቁ ይወረውራል፤ ደረቋን ደግሞ ሴት አያቴም አትስታት። የማያደርገው ቡድን የለም። ኮርኒ ምን አለ? 'ጨው አንሷታል' አለን።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ በናንተ ሜዳ ነን። ኳሱ የናንተ ነው፤ የሚይዘውም የሜዳው ዳኛ። ከየት አግኝተን እንቀባለን?»

ኮንሮይ ኪሱን ዳበሰ። ኳሷ በመሐረብ እንደተጠቀለለች አለች። በቀጥታ ወደ ዶክተር ፕራት ሄደ። ዶክተሩ በምላሱ ጫፍ ነካ አደረጋትና ወዲያው ተፋ፤ አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ፤ እንደገና ተጉመጠመጠ።

«ደነዘዘኝ» አለ። «እሷው ናት።»

* * *

እሑድ ነው። በእሑድ ኳስ መጫወት ሕግ ስለሚከለክል ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው የዋለው። ኮንሮይ የሜዳውን ዳኛ ስሎንን ከቅዳሴ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ያዘው።

«ኳስ ሁሉ እኔ ጋ ነው» አለ ስሎን ደረቱን ነፍቶ። «ሳጥኑን እንደታሸገ ተቀብዬ በእጄ ነው የምከፍተው።»

«ኮርኒ ሲወድቅ የያዛትን ኳስ ማን ሰጠው?»

«እኔ። የመጀመሪያዋ ኳስ በሁለተኛው ዙር ተመትታ ወንዝ ገባች። አዲሷን ከሳጥን አውጥቼ ወረወርኩለት።»

«ካንተ እጅ እሱ እጅ እስክትደርስ የነካትስ?»

«ነፋስ።»

ኮንሮይ እዚያው በመንገዱ መሐል ቆመ። ኮርኒ ምላሱ የደነዘዘው በመጀመሪያው ዙር ነው። ያኔ የነበረችው ኳስ ወንዝ ገብታለች። ሁለተኛዋ ከታሸገ ሳጥን ነው የወጣችው፤ እሷም መርዝ አለባት። ታዲያ ሁለቱንም ማን ቀባቸው? የሳጥኑን ኳሶች በሙሉ ለዶክተር ፕራት አስረከበው። ዶክተሩ እያማረረ አንድ በአንድ ቀመሳቸው፤ ቆዳ ቆዳ ከማለት በቀር ምንም የላቸውም።

«ነገሩማ ግልጽ ነው» አለ አዛዡ ደስ ብሎት። «መርዙ ከኳሷ ወደ አፉ አልሄደም፤ ከአፉ ወደ ኳሷ ነው የሄደው! ልጣጩን አኘከ፣ ኳሷን ላሰ፣ አበቃ። ይኸው ልጁን ነጻ ላውጣ ብለህ የባሰ አሰርከው።»

እውነትም የባሰ አስሮታል። ኮንሮይ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

* * *

አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሚኖሩት የወይዘሮ ፊኒ ቤት ነው፤ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይታጠባሉ፣ ሲታመሙም እሷው ታስታምማቸዋለች። ኦቪድ ላፍሌር በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከኩቤክ መጥቶ ሸማኔዎቹ ጋ ከገባ ቆይቷል፤ ኮርኒ ሲቀጠር ተቀባዩ እሱ ነበር፣ ሲሞትም እሱ ነው። የኳስ መቀበያ ጓንቱን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ድመት ያሻሸዋል።

«ካፖርትህን ሰጠኸው አሉ» አለ ቀና ሳይል።

«ብርድ ነበረ።»

«ኮርኒም በርዶታል።»

ኮንሮይ አጠገቡ ተቀመጠ። ኦቪድ ዓይኑ አብጧል። ረቡዕ ዕለት ኮርኒ ጥርሱን ሲነቀል እጁን ይዞ የቆመለት እሱ እንደነበር ተረከለት። ኮርኒ ያን ያህል ረጅም ሰው ሆኖ መርፌ ሲያይ እንዴት እንደጮኸ ተናገረ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«ያን ልጅ ለአንድ ቀን ብቻ ስጡኝ» አለ። «ወንበር አያስፈልገውም። በነዚህ እጆቼ እጨርሰዋለሁ።»

ፒፓውን አፉ ላይ ሰክቶ ክብሪት ጫረ። እያወራ ስለነበር ፒፓው ሳይቀጣጠል እሳቱ እንጨቱን በልቶ ጣቱ ላይ ደረሰ። የተቃጠለ ጥፍር ሸተተ። ኦቪድ አልተንቀሳቀሰም።

«እጅህን!» ኮንሮይ ክብሪቱን መትቶ ጣለው።

«እ?» ኦቪድ ጣቱን አየው። ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተጣመሙ ናቸው። «ተወው፣ የተቀባይ እጅ እንዲህ ነው። ቆዳ አይምሰልህ፣ ቀንድ ነው።»

«ጓንትህን እስቲ ልየው።»

ኦቪድ ጓንቱን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «እንዳትነካው! ከሐምሌ ጀምሮ ስናሸንፍ ነው የከረምነው። እያሸነፉ ጓንት አይጠረግም፣ የሌላ ሰው እጅም አያርፍበትም። እናቴም ብትሆን አላስነካት።»

ኮንሮይ እጁን መለሰ። ቅር አላለውም። እሱም ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ሜዳ የሚሄድበትን ኮፍያ አልለወጠም፤ ላብ ጨርሶታል፤ ሚስቱ በምድጃ ልትማግደው ስትዝት ከርማለች። እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ዌርዴል ሰው አሰበ። ተነሥቶ ሄደ።

* * *

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ፊኒ በአንድ እጇ የባቄላ ድስት፣ በሌላው የሱፍ ብርድ ልብስ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው ገባች። በሩን በእግሯ ነው የከፈተችው።

«ማላኪ ኮንሮይ! አንተን አፍንጫህን በቀሚሴ ጫፍ የጠረግሁህ ለዚህ ነው? ያ ልጅ ደረቱ ደካማ ነው። አስነጠሰው ወይስ አላስነጠሰው?»

«አስነጥሶታል፣ እማማ ፊኒ።»

«አልኩ! አልኩ! ነገ ሳንባው ሲታመም ለአያቱ ማን ይጽፍላታል? አንተ ነህ?»

«እማማ፣ ሰው ሞቷል እኮ።»

«መሞቱን ለኔ ትነግረኛለህ?» ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለራት ሳህን ሳወጣ የሱንም አወጣሁት። መመለሱ አቃተኝ። ልጆቹ አዩኝ። ኦቪድማ ምግቡን አልነካም፤ ኮርኒ ከሌለ ሥጋውን ማን ይቁረጥለት? ትናንት እኔ ቆረጥኩለት፤ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ።»

ኮንሮይ ማንኪያውን ባቄላው ውስጥ እንደሰካ ቀረ።

«ሥጋውን ማን ይቁረጥለት አሉ?»

ወይዘሮ ፊኒ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ምንም አላልኩም።»

«እማማ። ልጁ ዛሬ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። «ለአሰልጣኙ ለዱጋን እንዳትነግርብኝ። ካወቀ ያባርረዋል፤ ሌላ ሙያ የለውም። እጁ ሞቷል፣ ማላኪ። ሸሚዙን ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምቆልፍለት። ገበታ ላይ ኮርኒ ጎኑ ይቀመጥና ሰው ሳያይ ሥጋውን ከታትፎ ገፋ ያደርግለታል። እጁን የጨረሰችው ያቺው የኮርኒ ምራቅ ኳስ ናት እኮ። የት እንደምትወርድ አትታወቅም፤ የቀኝ እጅ ደግሞ ባዶ ነው፣ ጓንቱ በግራ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሰባበረቻቸው። ማታ ማታ በሎሚ ጭማቂ ጠርሙስ የያዘውን ነገር ሲያሸው ያድራል፤ ቤቴ በሞላ የቅባት ሽታ፣ ካምፎር ካምፎር ይላል።»

«በሎሚ ጭማቂ ጠርሙስ ለምን?»

«የመድኃኒት ጠርሙስ ቢያዩበት ወሬ አይደል! ገልብጦት ነው።»

ኮንሮይ ተነሣ። ሁለት ኳሶች ናቸው። አንዷ ወንዝ ገባች፤ አንዷ ከታሸገ ሳጥን ወጣች። የሜዳው ዳኛ አዲስ ኳስ ለወርዋሪው የሚወረውረው አንዴ ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷ የተወረወረች ኳስ ወደ ወርዋሪው የምትመለሰው ከየት ነው?

ከጓንት ነው። ትናንት በእጁ ሊይዘው ሲል ከተወው ጓንት።

«ባቄላውን ለልጁ ይስጡት» አለ ኮፍያውን እየፈለገ። «ሙቅ ሳለ ይብላ።»

* * *

ሜዳው ሞልቷል። በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሸማኔዎቹ እጅጌያቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረዋል። አሰልጣኙ ዱጋን ኮንሮይን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አሁን አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ልንወጣ ነው።»

«ውጡ። ኦቪድ ይቆይልኝ።»

«ኦቪድማ ተቀባዬ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ኮንሮይ እጁን ዘረጋ። ኦቪድ ነገሩ ገብቶት ሳይሆን ከልማዱ ጓንቱን ወደ ኋላ ሸሸገ። ኮንሮይ አልተከራከረም፤ ክንዱን ይዞ ከእጁ አወጣው። የግራው ጓንት መሐል፣ ኳስ የምታርፍበት ጎድጓዳው፣ ከሌላው ቆዳ ይልቅ ጠቁሯል። ካምፎር ይሸታል። ኮንሮይ በጣቱ አሸት አድርጎ ጫፏን ምላሱ ላይ አስነካና ተፋ። ቆየት ብሎ ምላሱ እንደ ጉንዳን መንገድ ተርመሰመሰ፤ ከዚያ ደነዘዘ።

«ይኼ ምራቅ አይደለም» አለ። «ምራቅ ቆዳ እንዲህ አያርስም። ፈሶበት ነው።»

«ለእጄ የማሸው ነው። ተነካክቶት ይሆናል።»

«ቢነካካማ ከውስጥ ይሆን ነበር፣ እጅህ በሚገባበት። ይኼ ከውጭ ነው።»

ኦቪድ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከውጭ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል።

«በርበሬ ያውቃታል» አለ ቀስ ብሎ። «በበርበሬ ይስቃል። ይኼ እጄ ሳይሞት፣ መጀመሪያ ሰሞን ሲነካው ይለበልበኝ ነበር፤ ምላሱንም ይለበልበዋል አልኩ። ለቅዳሜ ብቻ። ለቅዳሜና ለሰኞ። በደረቁ ይወረውርልኝና ኳስ ሳልጥል ዓመቱ ይለቅልኝ ብዬ ነው። ዱጋን ሌላ ተቀባይ እየፈለገ ነው፤ አንድ ኳስ ብጥል በሚቀጥለው ዓመት የለሁም። መርዝ አይደለም፣ ኢንስፔክተር። በየቀኑ የማሸው ነው! እኔ ሞትኩ እንዴ?»

«በመድኃኒት ቤቱ ጠርሙስ ላይ 'መርዝ' ብለው የሚለጥፉት ቀይ ወረቀትስ?»

«ጠርሙሱን ጣልኩት። ባለ መድኃኒት ቤቱ 'አፍህ እንዳይገባ' ብሎኛል። የትኛውን መድኃኒት እንዲያ አይሉም?» ከዚያ ቀና አለ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲወጣ ኮንሮይ አየው፤ ባያየው በወደደ። «ልጣጩ ነው የገደለው። አይራ ነው። አይደለም እንዴ?»

«አይራ ያንኑ ልጣጭ በፊቴ በላው።»

«ታዲያ ኮርኒ ለምን አላቆመም? ሲለበልበው ለምን አልተፋውም?»

«አልለበለበውም፣ ኦቪድ። አደነዘዘው። የጥርስ ነቃዩ ነው ብሎ ሳቀና ቀጠለ። ካንተ ጓንት በመጣች ቁጥር ላሳት፤ የጥርሱ ቁስል ደግሞ ክፍት ነበር።»

ኦቪድ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ረቡዕ ዕለት ኮርኒን ይዘውለት የነበሩት እጆች ናቸው። ከደረቱ አንድ ነገር ወጣ፤ ልቅሶ ይሁን ሳል አይለይም።

«ብትነግረው በደረቁ ይወረውርልህ ነበር» አለ ኮንሮይ። ማለት አልነበረበትም፤ አምልጦት ነው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሥጋዬን ይቆርጥልኛል እኮ። በየቀኑ፣ ሰው ሳያይ። ሜዳ ላይ ደግሞ ኳሴን ከትፈህ ስጠኝ ልበለው?»

ኮንሮይ ጓንቱን በመሐረቡ ጠቀለለው።

በሩን ዱጋን በርግዶ ገባ። «የሜዳው ዳኛ ተቆጣ! ኦቪድ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ጓንቱን በኮንሮይ እጅ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። «ነካኸው? ሰውዬ፣ ዛሬ እኮ ዋንጫው ነው! ማን ይቀበልልኝ?»

ኮንሮይ የተጠቀለለውን ጓንት ብብቱ ሥር አደረገ።

«ልጁስ?» አለ ኦቪድ ሲነሣ። «አይራስ?»

«ካፖርቴን ተቀብዬው እማማ ፊኒ ጋ እሰደዋለሁ። ባቄላ እየበላ ነው።»

ኦቪድ ራሱን ነቀነቀ። ከመስቀያው የራሱን ካፖርት አውርዶ ለበሰና መቆለፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ቁልፍ አመለጠው። እንደገና ሞከረ። ጣቶቹ ቁልፉን አልፈውት ይሄዳሉ፤ የያዙትን አያውቁም። ዱጋን ይህን በሩ ላይ ቆሞ አየ፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ኮንሮይ ያዘጋጀውን ካቴና ኪሱ ውስጥ መለሰው።

«ቆይ» አለ። «ውጭ ይበርዳል።»

ፊት ለፊቱ ቆሞ ካፖርቱን ከታች እስከ አንገቱ አንድ በአንድ ቆለፈለት።